ስፋቷ ሁለት ሜትር የሆነች ቤት

ተኳርፋችሁ ታውቃላችሁ? ከወንድም ወይም ከእህት፣ ከአባት፣ እጮኛ ያላችሁ ደግሞ ከእጮኛችሁ? ቤት ሰፊ ከሆነ ኩርፊያ ብዙም አይከብድም። አንዱ ሳሎን ይቀመጣል፣ ሌላው ጓዳ ይገባል፤ ራት ሲደርስ "አልራበኝም" ይባላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት ያልፋል። የአማኝ ቤት ከሆነማ ኩርፊያውን ጸሎት ውስጥ መደበቅም ይቻላል። እኔ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን መደበቂያ ስለሌላት አንዲት ቤትና በውስጧ ስለሚኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነው።

ያሉት እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ ነው። ለትምህርት ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ የተቀበለችኝ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ምሳ የጋበዙኝ እነሱ ናቸው። እዚያ አገር ትልቅ ሰውም ቢሆን በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች በስም ልጥራ ብል ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ በልቤ "ጋሼ" እና "እማማ" ብዬ ሰየምኳቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ጋሼ መሐንዲስ ነበሩ፣ እማማ ነርስ። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል።

እነዚህ ሰዎች ሁለት ቤት አላቸው። አንዱ እንደ ማንኛውም የእንግሊዝ ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ፎቅና ምድር ያለው፣ ከኋላው ትንሽ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ነው። ሁለተኛው ጀልባ ነው። ከፋሲካ አካባቢ እስከ ጥቅምት በጀልባው ይኖራሉ፤ ብርዱ ሲገባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ጀልባ ስላችሁ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈውን ወይም ባሕር የሚያቋርጠውን እንዳታስቡ። ይህኛውን "ናሮውቦት" ይሉታል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ስፋቱ ግን 2 ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። እንደ ኮሪደር ያለ ቤት በሉት። ከፊት ለፊት መቀመጫና ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ ቀጥሎ ማብሰያ፣ ቀጥሎ መታጠቢያ፣ መጨረሻ ላይ አልጋ። ሁለት ሰው ለመተላለፍ አንዱ ግድግዳውን መለጠፍ አለበት። ውሃ በየሳምንቱ ገደማ ከዳር ከተተከለ ቧንቧ ይቀዳል። ኤሌክትሪኩ ከሞተሩና ከጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ የሚሞላ ባትሪ ነው። የመጸዳጃው ነገር ደግሞ... ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ሲሞላ ተሸክሞ መድፊያው ድረስ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ የጋሼ ሥራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ያገለገሉት ሰውዬ ያንን ሳጥን ይዘው በጠዋት ሲሄዱ ማየት ለትሕትና ትምህርት ጥሩ ነው፤ እሳቸውም ይህንኑ እያሉ ይስቃሉ።

ጀልባው የሚሄድበት ውሃ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ፣ ካናል ነው። ከመኪናና ከባቡር በፊት ከባድ ዕቃ በጭቃ መንገድ ማመላለስ አዳጋች ስለነበር እንግሊዞች ቦይ ቆፈሩ። በ1761 የተከፈተው የብሪጅዋተር ካናል የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር ማድረስ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ በቦይ ተያያዘ። አንድ ፈረስ በዳር መንገድ እየሄደ በገመድ የሚጎትተው ጀልባ ብዙ ቶን ይሸከም ነበር። ባቡር መጥቶ ገቢያቸውን ሲሻማባቸው ጀልባ ነጂዎቹ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ጀልባው ላይ ገቡ። መላው ቤተሰብ ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ ይወለድ፣ ያድግ፣ ይሞት ነበር። ያ ንግድ ቀስ በቀስ ሞቶ፣ በ1962 እና በ1963 መካከል ካናሎቹን ለሳምንታት በበረዶ የዘጋው ብርድ ሲመጣ አበቃለት ማለት ይቻላል። ይህን የማነሳው የጀልባ ኑሮ ሲጀመር የምቾት ኑሮ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። ዛሬም በተለይ ለንደን ውስጥ ኪራይ አልቻል ብሎት ጀልባ ላይ የሚያድር ወጣት ብዙ ነው። ጋሼና እማማ ግን የሚመለሱበት ቤት አላቸው። ይህንን ራሳቸውም አይረሱትም።

ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የውሃ መንገድ የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆም አይፈቀድም፤ ገመዱን ፈትቶ መንቀሳቀስ አለበት። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ነው። በእግር ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሰው ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩላቸውም። በቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ የእሑድ ትምህርት አስተማሪ ይጠፋል፤ ጋሼ ለዓመታት የመሩት ክፍል ነበር። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ሁለት ክፍል ደርባ ስታስተምር አይቻለሁ። "እነሱ በውሃ ላይ ይንሸራሸራሉ፣ እኛ እዚህ እንዳክራለን" ያለችኝ ቀን አልፈረድኩባትም። እኔ ያደግሁት አገልጋይ ጡረታ አይወጣም በሚባልበት ቤት ነው። ሁለት ጤነኛ አማኞች የዓመቱን ግማሽ ጥለው ሲሄዱ ማየት ለእኔ ዮናስ ወደ ተርሴስ መርከብ ሲሳፈር የማየት ያህል ነበር።

ታዲያ በግንቦት ወር፣ ፈተናዬን እንደጨረስኩ፣ "ና ሦስት ቀን አብረኸን ሁን" አሉኝ። ሄድኩ።

ጀልባዋ ብርዱን የምታሳልፈው ማርኬት ሃርቦሮ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ ተነስተን ፎክስተን ደረስን። ፎክስተን ላይ ካናሉ ኮረብታ ይገጥመዋል። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ በ1814 የተከፈቱ አሥር ሎኮች ተደርድረው ጀልባን 23 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያወጣሉ። ሎክ ማለት በፊትና በኋላ በር ያለው፣ ጀልባ ልክ እንደ ጓንት የሚገባበት የድንጋይ ክፍል ነው። ጀልባዋ ከታች ትገባለች፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ የላዩ የውሃ መክፈቻ ይነሳል፣ ክፍሉ ሲሞላ ጀልባዋ አብራ ከፍ ትላለች። መክፈቻውን የምታነሱት የድሮ መኪና ማስነሻ ማኖቬላ በመሰለ ብረት እያዞራችሁ ነው። ፎክስተን ላይ አንዱ መክፈቻ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ተቀብቷል፤ ቀዩ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን ያሳሳተ ሰው ውሃውን ያጥለቀልቃል።

ነገሩ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ወርዶ በርና መክፈቻ ላይ ይቆማል። መሪ የያዘው በጥልቁ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነውና ከላይ ያለውን አያይም። ከላይ ያለው ደግሞ ጀልባዋን ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ለብቻቸው ሎክ የሚያልፉ ጎበዞች አሉ፤ ግን አድካሚ ነው።

አሥሩን አልፈን ወጣን። ከዚያ በኋላ ወደ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድም ሎክ የለም፤ ካናሉ ኮረብታውን እየታከከ ይጠማዘዛል። መንገዱ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በ"ባሎች ቦዝዎርዝ" መንደር ስም የሚጠራ ዋሻ አለ። ስሙን ሰምቼ ስስቅ እማማ በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ "ገበሬዎች" ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። "ግን ባሎችን ከጨለማ የሚያወጣ ዋሻ ነው ብለህ ብትጽፍም አልቃወምህም" አሉ።

የዚያን ቀን ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጠን ነው ነገሩን ያወጡት። እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው፤ ጥያቄዬም ትንሽ ስለት ነበረው። "ቤተ ክርስቲያኑ አይናፍቃችሁም?" አልኩ።

ጋሼ ገባቸው። "ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት" አሉ፣ "ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሻይ አፈላሁ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አቀረብኩላት። ቀመሰችና ዝም ብላ አስቀመጠችው። ስኳር ከተወች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር።"

እማማ ሹራብ እየሠሩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ቀን ሥራ፣ ማታ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ጉብኝት፣ እሑድ አገልግሎት። እማማም እንደዚያው፤ የሕሙማን ጥየቃ በእሳቸው ትከሻ ነበር። ክፉ ነገር አልሠሩም። አንድ ቀን ግን ሥራው ቆመና ቤት ውስጥ ተገናኙ። "ሁለት ጨዋ እንግዶች" አሉ እማማ፣ "በጣም ጨዋ። እኔ ላይ ቤት ሬዲዮ እሰማለሁ፣ እሱ ታች ጋዜጣ ያነባል። የምንነጋገረው ስለ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጥገና ነበር።"

ጀልባውን መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት የተከራየችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። በሦስተኛው ቀን ተጣሉ። ምክንያቱን ሁለቱም አያስታውሱትም። እማማ ተቆጥተው ወረዱና በዳር መንገዱ በእግር መሄድ ጀመሩ። ግን አስቡት፤ ጀልባው የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው። ጋሼ ቀድመው ሊያመልጡ አልቻሉም፣ እማማም ሊርቁ አልቻሉም። አንዱ በውሃ፣ አንዱ በየብስ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ከዚያ ሎክ መጣ።

"በሩን ካልከፈተችልኝ መቼም አላልፍ" አሉ ጋሼ።

"ማኖቬላው ደግሞ ጀልባው ላይ ነበር" አሉ እማማ። "መጀመሪያ የተናገርኩት 'ወርውርልኝ' ብዬ ነው።"

ያ ነው የዕርቃቸው ቃል። ሲመለሱ ሁለተኛውን መኪና ሸጡ፣ ከጡረታ ገንዘባቸው ጨመሩና ያገለገለ ጀልባ ገዙ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ እኔ ግን ያመንኩት በማግስቱ ነው።

ከፍታው ሲያልቅ ዋትፎርድ በሚባል መንደር በኩል ሰባት ሎኮች ወደ ታች ያወርዳሉ። ቦታው ጠባብ ሸለቆ ስለሆነ ባቡሩም፣ አውራ ጎዳናውም፣ ካናሉም ተጠጋግተው ያልፋሉ። የከባድ መኪኖቹ ድምፅ ጆሮ ይሰነጥቃል። እኔ ከታችኛው በር ላይ ሆኜ አንዱን መክፈቻ ከፈትኩ፣ እማማ ሌላውን። ውሃው እየጎደለ ጀልባዋ መውረድ ጀመረች። ቁልቁል ሲወረድ የሚፈራ አንድ ነገር አለ፤ ከላይኛው በር ሥር ወደ ውስጥ የወጣ የድንጋይ ደፍ አለ። ቦታው በነጭ መስመር ተመልክቷል፤ የጀልባዋ ጀርባ ከመስመሩ ወደ ኋላ ከቀረ ውሃው ሲወርድ ደፉ ላይ ይንጠለጠላል፣ አፍንጫዋ ግን መውረዷን ትቀጥላለች። በዚህ ዓይነት የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ።

ጋሼ መሪውን ይዘው ስለ ድሬዳዋ ባቡር ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ከእነዚያ መኪኖች ጋር ጀልባዋን ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተቷን ሁለታችንም አላየንም።

"ዝጋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ እንደዚያ ሲጮኹ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የራሳቸውን ዘግተው፣ በበሩ ላይ ተሻግረው፣ ማኖቬላውን ከእጄ ነጥቀው የኔንም ዘጉት። ብረት ከድንጋይ ሲፋቅ ሰማሁ። የጀልባዋ አፍንጫ ዝቅ ብሏል፤ ከውስጥ ሲኒዎች ሲወድቁ ይሰማል። እማማ ሳይሮጡ፣ ግን ሳይቆሙ፣ ወደ ላይኛው በር ሄደው ውሃውን ጥቂት ጥቂት ለቀቁት። ጀልባዋ እንደ ታማሚ ሰው ቀስ ብላ ቀና አለች።

ጋሼ ነጭ ሆነው ቆመዋል። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ እማማ። "ወደ ፊት ሂድ።"

በቃ። ጋሼ ወደ ፊት ነዱ፣ እኛ መክፈቻውን እንደገና ከፈትን። ከታች ደርሰን ስናስር እማማ ሻይ አፈሉ፤ ሁለት ሲኒ ተሰብሮ ነበርና ጋሼና እሳቸው በአንድ ሲኒ ተራ በተራ ጠጡ። ነገሩ እስከ ማታ ድረስ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳም። ማታ ሲጸልዩ ጋሼ ለሚስታቸው ዓይን ጌታን አመሰገኑ፤ ለዓይኗ ብቻ።

እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማስበው ስለ ሐዋሳ ነበር።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ደግሞ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ አለ። ዛሬ በእግሬ የቆምኩት በእሱ ጸሎት እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን የልጅነቴ ማታ ማለት እናቴ በሳህን የከደነችው ራት ነው። "አባታችሁ የጌታ ሥራ ላይ ነው" ትለናለች። ይህ ቃል በር ይዘጋል። አባቱ መጠጥ ቤት ያመሸ ልጅ ሊያኮርፍ ይችላል፤ እኛ ግን በማን ላይ እናኩርፍ? በጌታ ላይ? እናቴም ማጉረምረም ኃጢአት ስለሚመስላት ዝም ትል ነበር። ቤታችን ከሐይቁ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። አባትና እናቴ አንድም ቀን ሐይቁ ዳር አብረው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ኮሚቴው ጨምሯል።

አሁን ከመካከላችሁ "ታዲያ አገልግሎት ይቅር ልትል ነው?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አይደለም። ያቺ ሕፃን ያዘለች እናት ዛሬም ሁለት ክፍል ደርባ ታስተምራለች፤ እሷን ሳስብ ስድስት ወሩ ይበዛል እላለሁ፤ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። "ልክ ነህ" አሉኝ፤ ግን አልተዉትም። በየደረሱበት መንደር ባለች ትንሽ ጸሎት ቤት እሑድ ይገባሉ፤ ከአምስት ሰው ጋር ይዘምራሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ቦታ ናቸው። ያ ይበቃል ወይ? እኔንጃ። አብርሃም በድንኳን መኖሩን የምናነሳው ስለ ሩቁ ከተማ ለመስበክ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ ድንኳኑ ውስጥ አስባለሁ፤ እሱና ሣራ በዚያች ጠባብ ስፍራ ስንት ዓመት እንደተያዩ። የሚያጨቃጭቃቸውም ነገር አልጠፋም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ወደ መጽሔቱ ከመላኬ በፊት ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ስለ እሱ የጻፍኩትን ሳይሰማ ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈለግሁም። እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያም፣ "ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" አለኝ። 38 ነው አልኩት። "ጥሩ ነው" አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። እናቴ "ምን አልከው?" አለችኝ። "ምንም" አልኩ። "ስኳር ትጠጣለህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል ብለህ ነው?" ብላ ሳቀች። ለካ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

ጋሼና እማማ ዘንድሮ ወደ ውሃ መመለሳቸው እርግጥ አይደለም። እማማ በኅዳር የዳሌ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ በደረጃ ወደ ጀልባዋ መውረድ ገና አልተፈቀደላቸውም። ጋሼ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳሉ። እርጥበት እንዳይገባባት ምድጃውን ይለኩሳሉ፣ ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን ያስነሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ሻይ አፈሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ቤት ደወሉ፤ ውሃው ጠርዙ ላይ በስሱ መጋገሩን፣ ጎረቤት ያለው ጀልባ አዲስ ቀለም መቀባቱን፣ የሰበርነው የሲኒ ጆሮ ከምድጃው ሥር መገኘቱን አንድ በአንድ ነገሯቸው። እማማ አንድ ነገር ጠየቁ። ጋሼ ተነሱ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ስልኩን በእጃቸው ወደ ውጭ ዘርግተው ያዙት፤ ዳክዬዎቹ እንዲሰሙ።